የእርቁ በግ

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና ከሆቴል ጥበቃነት የተባረረ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ታዲያ ባለሆቴሉ የስንብት ክፍያህን ሰጠህ?»

«ሽማግሌ ላከብኝ እንጂ! ‹ክሱን ተው፤ ለእግዚአብሔር ብለህ ማረው› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«የቀጠረኝ እግዚአብሔር ነው እንዴ አልኋቸው።»

«በስማም! ይኼ አፍህ ነው ያስባረረህ።»

«ቆይ ይስሙኝ እማማ። ሰውዬው የጉና ሙክት አሳርዶ ሁላችንንም ቤቱ ጠራን።»

«የእርቅ በግ? በላሁ እንዳትለኝ!»

«ጥብሱ እፊቴ እየተንጫጫ ምን ላድርግ?»

«በል እንግዲህ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ብለህ ልትከራከር ነው?»

«እኔማ በነጋታው ፍርድ ቤት ሄድሁ። ሽማግሎቹ ቀድመውኝ ተደርድረዋል። ‹ታርቋል፤ አጥንቱን እስኪነጣ ግጦታል› ብለው መሰከሩብኝ።»

«ይበልህ! ሥጋው ጣፍጦህ የለ?»

«ይጣፍጠኝ እንጂ፣ የራሴ በግ ነው!»

«እንዴት የራስህ?»

«ሰውዬው የበጉን ዋጋ ከመጨረሻ ደመወዜ ላይ ቆርጦታል።»

የፊታችን እሁድ በግ ለሚታረድበት ሌላ እርቅ በሽማግሌነት የተጠራሁት እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።