ሳይቀራ የማይታጠብ ሉህ

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል አራዳ መንገድ ስሻገር አንዲት ባጃጅ ከጉልበቴ እስከ ደረቴ ጭቃ ረጭታኝ በረረች። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የተማሪ ሳቅ እችላለሁ፣ የመንገደኛ ሳቅ ግን አልችልም። እያጉረመረምኩ አጠገቤ ካለው የጨርቅ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ የሐጂ ዐብዱልከሪም ነው።

«መምህር አዳሙ! ምነው፣ እርሻ ጀመርክ እንዴ?» አሉኝ ሐጂ።

ውሃ ያመጣችልኝ የልጃቸው ልጅ ሰሚያ ናት። አባቷ መተማ ስለሚነግድ የምታድገው እሳቸው ዘንድ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን አልጀብራ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምረን እንድንማር ሃያ ልጆች ተመርጠን ነበር። እኔም አንዷ ነኝ። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት የፈቃድ ወረቀቱ ካልተፈረመልኝ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። አባባ ደግሞ እንቢ አሉኝ።»

«ትምህርቱን መች ጠላሁት!» አሉ ሐጂ። «መምህር የለውማ! በታብሌት ጭነው ይሰጧታል፣ እሷ እቤት ቁጭ ብላ ታየዋለች። ብትጠይቀው አይመልስ፣ ብትሳሳት አይቆጣ። ሸኻችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ‹ኪታብን፣ መጽሐፍን ብቻ መምህሩ ያደረገ ሰው ስሕተቱ ይበዛል› ይሉን ነበር።»

እኔም የተማረ ሰው ነኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ ዘመን፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሳይንስ ብዙ ተናገርኩ። ሐጂ አንድ ጣቃ ጨርቅ አጣጥፈው እስኪጨርሱ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ሸጋ ነው። አሁንም አልፈርምም።»

ሰሚያ ሳቋ አመለጣት። ሐጂ ደግሞ ደብተሯን ገለጡና በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ነገር አገኙ። «ይኸውልህ! ገና ለሙከራ በሰጧት በመጀመሪያው ትምህርት ተሳስታለች። ሳጥን ያስተማረው እንዲህ ነው!»

«አዎ፣ ተሳስቻለሁ» አለች ሰሚያ። «ከቅንፉ ውጭ ያለውን የመቀነስ ምልክት በውስጡ ላለው ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ሰጥቼ ሁለተኛውን ረሳሁት። ግን አባባ፣ ቀዩን ማን ያሰመረው ይመስልዎታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ መምህር አሉ። ሳምንቱን በታብሌት የተማርነውን እፊታቸው ቀርበን እያንዳንዳችን እንሠራለን። ‹እንዴት አሰብሽው?› ይሉኛል።»

ሐጂ ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። እሷ ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም።

«አባባ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ቁርአን ሲማሩ እንዴት ነበር?»

ሽማግሌው ይህን ሲጠየቁ ፊታቸው በራ። «ሸኻችን ጠዋት በእንጨቱ ሰሌዳ፣ በሉሃችን ላይ ይጽፉልናል። እኛ እሱን ይዘን ዋርካው ሥር እስኪገባን እንጮኻለን። ከሰዓት እፊታቸው ቀርበን እንቀራለን፣ ያጠናነውን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናሰማቸዋለን። ካልተሳሳትን ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። አንድ ቀን እኔ ጅሉ አወቅሁት ብዬ ሳልቀራ አጠብኩት! ሸኹ ሲያስቀሩኝ ሦስት ቦታ ተደናቀፍኩ። ያንኑ እንደገና ጽፈው ሰጡኝና ጓደኞቼ ሲያልፉ እኔ ሳምንት ሙሉ እዚያው ቀረሁ።»

«ዋርካው ሥር ስትጮኹ ሸኹ አብረዋችሁ ይቀመጡ ነበር?»

«ምን ሊሠሩ? ከየልጁ ጋር ሲጮኹ ሊውሉ? እሳቸውማ የሚፈለጉት ስንቀራ...»

ደብተሩን አዩ፣ ሰሚያን አዩ፣ ከዚያም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይ ጉድ! በገዛ አፌ አስያዘችኝ እኮ! ታብሌቱ ሉህ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ የሚቀራበት ቀን ነው በይኛ!»

«አዎ አባባ።»

«አምጪ ወረቀቱን። ግን አንድ ነገር፦ ዓርብ ዓርብ ከመግሪብ ሶላት በፊት መጀመሪያ ለኔ ትነግሪኛለሽ። ባይገባኝም እሰማለሁ።»

ፈረሙላት። ሰሚያ እጃቸውን ስማ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ወጣች። እኔም ጭቃዬን ረስቼ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በጥር ወር በዚያው ሳልፍ ሐጂ ከሱቃቸው ጮኸው ጠሩኝ። «መምህር! ኤክስን አገኘናት!»

ሰሚያ ፈተናውን አልፋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ይህ ትምህርት ይቆጠርላታል። ሐጂ ግን ጥቅሙን ሲዘረዝሩ በዚህ አላቆሙም። «ያልገባትን አሥር ጊዜ መልሳ ታየዋለች፣ ታብሌቱ አይታክተው። ታማ ሁለት ቀን ብትቀር ትምህርቱ አላመለጣትም። መምህሩም ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከሚውሉ የየልጁን ስሕተት ያያሉ። ሰዉ ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› ይላል፤ እኔ ይኸው ከጠመጠምኩ በኋላ እየተማርኩ ነው!»

ሳቅን። ከዚያ ሐጂ ድንገት ጠየቁኝ፦ «አንተስ ሠላሳ ዓመት ስታስተምር ስንቱን ልጅ እፊትህ አቅርበህ አስቀራህ?»

ሳቄ ቆመ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ነበረኝ። ሰሌዳውን እሞላለሁ፣ ደወል ሲደወል እወጣለሁ። የማውቀው የፊተኛውን ወንበር ልጆች ብቻ ነበር።

«የፊተኞቹን» አልኳቸው እያፈርኩ።

«ታዲያ ምን ያሳፍርሃል? የቅዳሜው መምህር አጋዥ ቸግሯቸዋል ብላኛለች ሰሚያ። አንተ ጡረተኛ ነህ፤ ቅዳሜን ምን ታደርግበታለህ?»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። መምህሩ በደስታ ተቀበሉኝና ከየት መጀመር እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩ፣ ከአንዲት አንገቷን ከደፋች ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩና «እስኪ የኔ ልጅ፣ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» አልኳት።