የእናቱ ማኅደር

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ካህንና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወጣቱ የጸሎት መጽሐፍ የሚያዝበት የቆዳ ማኅደር ታቅፏል።

«ልጄ፣ የጸሎት መጽሐፌን ቤት ረስቼው ወጣሁ። እስኪ ያንተን አውሰኝ፤ የዛሬውን ላድርስ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፣ የጸሎት አይደለም።»

«ማኅደሩ የጸሎት ነው እኮ።»

«ማኅደሩ የእናቴ ነው። ውስጡ ያለው ሌላ መጽሐፍ ነው።»

«ምን ይላል?»

«እግዜር የለም ይላል።»

ካህኑ ወደ ወጣቱ ዞር አሉ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እንጃ። ገና እያነበብኩ ነው። እናቴ እንዳታይብኝ ነው እዚህ የከተትኩት። አይቆጡኝም?»

«ለምን እቆጣለሁ? እኔ ሳስተምር፣ የከሃዲውን ክርክር አጥርቶ ያልተናገረ ተማሪ መልሱን እንዲናገር አልፈቅድለትም። እሱን ጨርሰው። ከዚያ መልስ የጻፉበትንም ፈልገህ አንብብ።»

«ሁለቱንም አንብቤ ባላምንስ?»

«መጥተህ ተከራከረኝ። እንዲያውም ስትጨርሰው ይዘህልኝ ና፤ ተማሪዎቼ ከሃዲውን የሚሰሙት ከእኔ አፍ ብቻ ነው።»

ወጣቱ ሳቅ አለ።

«እሺ አባ፣ አመጣልዎታለሁ።»

«ማኅደሩን ግን ዛሬውኑ መልስላት። የእሷ መጽሐፍ ራቁቱን ነው ያለው።»

ከቡሬ ጀምሮ ጭኔ ላይ ያለውን፣ እኔም የእሱን የመሰለ መጽሐፍ የደበቅኩበትን ቦርሳ አጥብቀው የያዙት እጆቼ ያኔ ለቀቅ አሉ።