መጣራት የፈራች ልጅ

ቀየት በምትባል የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ቃል ያልተነፈሰች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አመጡልኝ። ለሳምንታት አብረን ከጭቃ በግ ስንሠራ ከረምን። አንድ ጠዋት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «ምሳ ደርሷል ብዬ አባዬን ስጠራው፣ ዞር ሲል ገደል ገባ። እኔ የምጠራው ሰው ይሞታል» አለችኝ። ክው አልኩ።

እሷኑ አስፈቅጄ ለእናቷ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ልጃቸው ፊት ቁጢጥ አሉ። «እሱን የጣለው የረጠበው ድንጋይ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። እስኪ እኔን ጥሪኝ» አሏት።

ልጅቷ ቀሚሳቸውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና፣ «እማዬ» አለች።

«ወዬ» አሏት።

ቀሚሱን ግን አልለቀቀችም። እንዳይወድቁባት ይዛቸው ነበር።