ማሽን ውስጥ የቀረው ጋቢ

ከአሮጌውና ከአዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የትኛው ይሻላል ነው ያልከኝ? በእኛ ጊዜ ልብስ አጣቢው የሻያ ወንዝ ነበር፤ እንዶዱን ወቅጠህ፣ ድንጋይ ላይ ረግጠህ፣ ሳር ላይ አስጥተህ ትመለሳለህ፣ ወንዝ ደግሞ በር የለውም፣ ልብስህን አልመልስም አይልህም። አንተ ተቀመጥ፣ እኔን ተወኝ፤ ጋቢዬ ከዚያ ማሽን እስኪወጣ መቀመጥ አልችልም። ልጄ ሰላም፣ ማሽኑ ቆመ እንዴ?

«ገና ነው አባባ።»

ገና ነው ትላለች። ከሰዓት ለጎረቤቴ ለሐጂ ልጅ ሽምግልና ጎባ እንሄዳለን፣ እሷ ገና ነው ትላለች።

እና ከወንዙ በኋላ አሮጌው ማሽን መጣ፤ ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ አገራቸው ሊገቡ ከተነሡ ፈረንጆች ላይ ነው የገዛችው። ሁለት ጉድጓድ ነበረው፣ አንዱ የሚያጥብ፣ አንዱ የሚጨምቅ። ሲሠራ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ግን መብራት ቢሄድ ክዳኑን ብድግ አድርገህ እጅህን ሰደህ ልብስህን ታወጣለህ። ታዲያ ይቺ ልጄ ሰላም «አባባ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል» ብላ ለቁራሌው ሸጠችውና ያንን ከፊቱ መስኮት ያለውን አመጣች። «ራሱ ያስባል» አለችኝ። ያኔ ነው መፍራት የነበረብኝ።

ታዲያ ወንዱ ልጄ ደረጀ ለማስተማር ገሰራ ሄዶ ጫልቱ የምትባል ልጅ ወደደ። ግን አንድ የደሎ መና ቡና ነጋዴም ልጅቷን ፈልጎ ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተቀጥረዋል፤ የእኛ ቀጠሮ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ካልደረስን አለቀ። ልጁ እህል አልበላ አለ፣ እኔም አብሬው።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሰላም «አባባ፣ ጋቢህን ልጠብልህ፣ ይሄ ማሽን እንደ ደረቀ አድርጎ ነው የሚጨምቀው፣ አሁን ታጥቦ አሁን ይለበሳል» አለች። እኔ ሞኙ እሺ አልኩ። ጋቢ እኮ አራት ድርብ ነው፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ውሃ ሲያገኝ ጠጥቶ አይጠግብም። ማሽኑ ሊያሽከረክረው ይነሣል፣ ድው፣ ድው ይልና ዝም። ደግሞ ይነሣል፣ ድው፣ ድው፣ ዝም።

«ምን ሆነ?»

«ከበደው አባባ፣ አልጨምቅም ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ክፈችው።»

«ውሃ ስላለበት አይከፈትም።»

ይሄን እያለች መብራት ሄደ። በቃ። በመስኮቱ ጋቢዬን አየዋለሁ፣ ጥለቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ እንደ እስረኛ ያየኛል። መዶሻ አምጪ አልኳት፤ አልቅሳ አስጣለችኝ።

ሐጂ ሚኒባስ ይዞ መጣ። ሐጂ ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ። «ምነው፣ ገና ነህ?» አለኝ። «ጋቢዬ ታስሯል» አልኩት። «የእኔን ልበስ» አለ። አባቴ ግን በሰው ጋቢ ሽምግልና የሄደ በሰው አፍ ይናገራል ይል ነበር፣ እምቢ አልኩ። ሌላው ጋቢዬ ደግሞ የለቅሶ ነው፤ እሱን ለብሶ ሙሽራ አይጠየቅም። እና በኮት ሄድኩ። የሲናና ስንዴ እንደዚያ አምሮ ቀና ብዬ አላየሁትም፣ ኮቴን ብቻ እጎትታለሁ።

ገሰራ ደረስን፤ የልጅቷ እናት «አካም ቡልተን» ብለው በደስታ ተቀብለው አስቀመጡን። አባትየው ኦቦ ቶላ ግን አይወጡም። እንጠብቃለን፣ አይወጡም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። «ኧረ ተቀመጥ፣ የሰው ቤት ነው» ይለኛል ሐጂ። «ኮቴን አይተው ነው፣ ናቀን ብለው ነው፣ ሊመልሱን ነው» እላለሁ። የልጄ ፊት ይታየኛል፤ ምን ብዬ እመለሳለሁ?

ታዲያ በስንት ጊዜ ኦቦ ቶላ ወጡ። ጋቢያቸው ነጭ፣ ወተት። በኮቴ አፈርኩ፣ መሬት ባየሁ ጊዜ ግን ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከጋቢው ጫፍ ነው። ቀና ስል ሰውዬው ይንቀጠቀጣሉ። የገሰራን ብርድ ታውቀው የለ? ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ እኔ ዝም ማለት መች እችልበታለሁ።

«ኦቦ ቶላ፣ ጋቢዎ እኮ አልደረቀም።»

ሚስትየው አፋቸውን ያዙ። እሳቸው አቀርቅረው «አሮጌው ማሽናችን ነው» አሉ። «ማጠቡን እንደ ድሮው ያጥባል፣ መጭመቂያው ግን ከሞተ ቆይቷል። ሌሊቱን ጉም ነበር። ታዲያ እናንተን ያለ ጋቢ ልቀበል?»

እኔ ንቀውኛል ስል፣ ሰውዬው ለካ ለክብሬ ብርድ ለብሰው ነው የተቀመጡት። ዕንባዬ መጣ። የእኔን ጉድ ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ ድው ድውን፣ መዶሻውን። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ማሎ፣ እባክዎ ያውልቁት» አልኳቸው። «እኔም በኮት ነኝ፣ እርስዎም ኮት ያምጡ።» አመጡ። ሁለት ኮት ለባሽ ፊት ለፊት ተቀመጥንና ልጅዎን ለልጄ ብዬ ጠየቅሁ። መቼም በወጉ የመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም፣ ተማክረን እንነግራችኋለን ነው። ኦቦ ቶላ ግን «ጫልቱም ደረጀን ብላለች። ወጉ በጋቢ ለመጣ ሽማግሌ ነው፤ በኮት ለመጣ ምን እንደሚባል አያቶቻችን አልነገሩንም፣ ስለዚህ ውሰዷት» አሉ። ለእሑዶቹም እንዳይመጡ ሰው ላኩባቸው።

እና የትኛው ይሻላል ብለህ ጠየቅኸኝ። አሮጌው ያጥባል፣ አይጨምቅም። አዲሱ ያስባል፣ አይከፍትም። እኔ ያመንኩት ሰው ነው፣ በእርጥብ ጋቢ የተቀመጠልኝ ሰው። ሰላም፣ ዝም አለ እኮ፣ ጨረሰ?

«አባባ... መብራት ሄደ።»

ሰማህ? አይ፣ አትሳቅ። ግድ የለም ልጄ፣ መዶሻ አልጠይቅሽም፤ ኮቴን አምጪልኝ። ሐጂንም ጥሪና ጋቢህን አውልቀህ ና በይው።