የጨረቃዋ ቀን

ማሌካ አፓ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ እህቴ፣ አጠገብሽ ልቀመጥ። ዛሬ የፋብሪካችን ምግብ ቤት የምስር ዳል እንዴት ነው? ሎሚ በዝቶበታል አይደል? እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዝናቡም ጋብ አለልን፣ ጭቃው ነው እንጂ የማይለቀን። ከኢድ በኋላ የክፍልሽ ሴቶች ሁሉ ከየአገራቸው ደህና ተመለሱልሽ? እናትሽስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አልሐምዱሊላህ። ብዪ እንጂ፣ ሩዙን ምን ታገላብጪዋለሽ? ነገ ስብሰባ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ አይውልም።

ድምፅህን ቀንስ? ለምን?... ኧረ የዕቅድ ኃላፊያችን ከጀርባችን ሒልሳ ዓሣቸውን እየበሉ ስልካቸውን ነው የሚያዩት። የእኛን የተራ ሰው ወሬ የት ይሰሙታል? ደግሞ ክፉ ነገር መች አወራሁ? እኔ የቁልፍ ስቶር ጠባቂ ነኝ። የሹራብ ቁልፍ በየቀለሙ መለየት እንጂ ሰው መለየት መች ሥራዬ ሆኖ ያውቃል?

እውነቴን ነው፣ ይህ ፋብሪካ እንዲህ ያለ የዕቅድ ኃላፊ አግኝቶ አያውቅም። ያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲመረጥ ትዝ ይልሻል? ክሩ መቼ ይግባ፣ የትኛው ክፍል ምን ይሥራ፣ ሹራቡ መቼ ወደ ቺታጎንግ ወደብ ይጫን፣ ሁሉን ያቅድልናል የተባለው? ሁለት ድርጅቶች መጥተው አሳዩን። የመጀመሪያው ይዞት የመጣው ደብዛዛ ነገር ነበር፣ ግራጫ በግራጫ። የምታስረዳዋ ልጅም ደረቅ! «ቀኑ ያልለየለት በዓል ካላችሁ እዚህ ጋ ምናልባት ብላችሁ ክፍት መተው ትችላላችሁ» ትላለች። ምናልባት! ለእኚህ ዓይነት ሰው ምናልባት ይባላል? ሁለተኛው ግን... ማሻአላህ! ያለቀ ሥራ አረንጓዴ፣ የዘገየ ቀይ፣ ገና ሲከፈት ደግሞ የኃላፊው ፎቶ ከነክራቫቱ ብቅ! ቢርያኒም ጋብዘውናል፣ እውነት ለመናገር ሥጋው አፍ ውስጥ ይሟሟ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ሳይታጠቡ መረጡት። ሰው የሚያምረውን ቢወድ ነውር አለው?

ሥልጠናውስ? አንድ ከሰዓት፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀዝቀዝ ባለ አዳራሽ። እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። አንቺ ብቻ ነበርሽ እጅሽን እያወጣሽ ያስቸገርሽው። «የረመዳን መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ባዶ ይተውልን፣ የጨረቃዋን ቀን» አልሽ፣ ሁልጊዜ እንደምናደርገው። በሃያ ዘጠነኛው ማታ ከታየች ነገ ኢድ ነው፤ ካልታየች አንድ ቀን እንጾማለን፣ አንድ ቀን እንሠራለን። ይህን የማያውቅ ሕፃን አለ? እሳቸው ግን ምን አሉ? «ፕሮግራሙ ቀን እንጂ ጨረቃ አያውቅም። ባዶ ቀን ብክነት ነው።» እንዴት ያለ ንግግር ነው! አባቶቻችንም እኛም አንገታችን እስኪጣመም ወደ ሰማይ ስናንጋጥጥ ኖርን፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ጨረቃዋን ቀጠሮ አስያዟት። ያቺንም ቀን በአንቺ ክፍል ሥራ፣ በቁልፍ መትከልና በማሸግ ጢም አደረጓት። የፋብሪካው ባለቤት «ማንም ያላየውን ቀን አገኘልን» ብለው አጨበጨቡላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ።

ጨረቃዋ ግን... አይ ጨረቃ! ሥልጠናው ላይ አልነበረችም መሰለኝ። በሃያ ዘጠነኛው ማታ ቅጥንጥን ብላ ብቅ አለች። በቴሌቪዥን ተነገረ፣ ሰፈሩ በተክቢራ ደመቀ፣ በማግስቱ ፋብሪካው ጭር አለ። ሹራቡ ያለ ቁልፍ ተቆልሎ ቀረ፣ መርከቡም ጥሎን ሄደ። ፕሮግራሙ ግን እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። «ተጭኗል» ይላል። ጌታውን እንዲህ የማያሳፍር አገልጋይ የት ይገኛል?

እና ነገ ስብሰባው ላይ ምን ሊሉ ነው አሉ? «ዕቅዱ ልክ ነበር፤ የማሌካ ክፍል በሥራ ቀን አልተገኘም፤ ስለዚህ ከአለቃነቷ ትውረድ።» አይ፣ እንባሽን ጥረጊ፣ ምን ያስለቅሳል? ስንት ዓመት የለፋሽበትን ክፍል የሚቀሙሽ እኮ በፍትሕ ነው። የሥራ ቀን የሥራ ቀን ነው። ለአንቺም፣ ለእኔም... ለዕቅድ ኃላፊም፣ አይደል?

ኧረ አስታወስሽኝ! በዚያው የሥራ ቀን ጠዋት ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እሳቸውን! ኢድ መስገጃው ሜዳ ላይ፣ አዲስ ሰማያዊ ፓንጃቢ ለብሰው፣ ሽቷቸው ከሩቅ የሚጣራ። ሦስቴ ተቃቀፍን። «ና የኢዱን ጣፋጭ፣ ሸማይ ቅመስ» ብለው ቤታቸው ድረስ ወሰዱኝ። ወተቱ የወፈረ፣ ዘቢብ የፈሰሰበት፣ ሁለተኛ ሳህን ሁሉ ደገሙልኝ። እንዴት ያሉ ቸር ናቸው! እኔ ባለጌው ግን አንዴ እንኳ «ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ የሥራ ቀን ነው፣ ፋብሪካ አይሄዱም?» አላልኳቸውም። አፌ በሸማይ ተይዞ! እሳቸውም ረስተውት ይሆን? አይ፣ እሳቸው አይረሱም። ምናልባት... ተይው፣ ያን ቃል አይወዱትም።

ነገ ይህን ደግነታቸውን እኔው ራሴ ባለቤቱ ፊት አነሳዋለሁ። ሰው በሕይወት እያለ ይመሰገን እንጂ! የፓንጃቢውን ቀለም እነግራቸዋለሁ፣ ዘቢቡንም አልረሳም፣ የነበርንበትን ሰዓትም... ምነው፣ ሳል ሰማሁ? ሒልሳ እኮ እሾሁ ብዙ ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው። ማሌካ አፓ፣ ውሃውን ወደ ኋላ አቀብያቸው። እንዲህ ያለ ሰው እንዲታነቅብን አንፈልግም።

እኔማ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የሚመጣውን የኢድ ጨረቃ ከቤታቸው ሰገነት ላይ፣ ከልጆቻቸው ጋር፣ ዘና ብለው ይዩዋት። በማግስቱም፣ በማግስቱ ማግስትም የሚጠራቸው ፋብሪካ፣ የሚያስቸኩላቸው መርከብ አይኑር። ቀናቸው ሁሉ ባዶ ይሁንላቸው... ብክነት ነው ብሎም ማንም አይሙላባቸው። አሚን በይ እንጂ!