አራተኛ የወጡት አቶ ዝናው ሽታው

ካህናት አባቶቻችን፣ ሼኾቻችን፣ ከሐይቅ ከተማና ከአምባሰል መንደሮች ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የአቶ ዝናው ሽታውን የሕይወት ጉዞ እናሰማችኋለን፤ እሳቸው ረጅም ንግግር አይወዱም ነበርና እኛም አናስረዝምም።

አቶ ዝናው ከአባታቸው ከአቶ ሽታው ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስህን አያሌው በ1960 ዓ.ም. በአምባሰል ወረዳ፣ በግሸን ተራራ ግርጌ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አንድ ለእናቱ ስለነበሩ በስስት ቢያድጉም፣ አባታቸው በሥርዓት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ፊደል በመንደራቸው ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሐይቅ ከተማ ከዘመድ ቤት ተጠግተው ሲማሩ፣ ከዓሣ አጥማጅ ልጅ ከአቶ ሀሚድ ኑርዬ ጋር ተወዳጁ፤ የደጋው ልጅ ዋናም የዓሣ ፍቅርም የተማሩት ከእሳቸው ነው። በዚያው ፍቅር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ሕይወት አጥንተው፣ ተመልሰው እዚሁ ሐይቅ በዓሣ ባለሙያነት ተቀጠሩ።

በ1991 ዓ.ም. የዓሣ እርባታ ለመማር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሃንጋሪ ሄዱ። በባዕድ አገር ሐበሻ ያየ ሁሉ ሯጭ ያየ ይመስለዋል፤ አቶ ዝናው ግን አውቶቡስ ሲያመልጣቸው እንኳ ቆመው ሌላ የሚጠብቁ ሰው ነበሩና የጓደኞቻቸውን ጉትጎታ በሳቅ ያልፉት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አባታቸው በጠና መታመማቸውን በስልክ ሰሙ፤ ለመሳፈሪያ የሚሆን አቅም ግን አልነበራቸውም። የከተማው የጸደይ ሩጫ አንደኛ ለወጣ ሰው ወደሚወደው አገር የደርሶ መልስ ቲኬት እንደሚሸልም ሲነገራቸው፣ ያ ዝግተኛ ሰው በየማለዳው በዓሣ ኩሬዎቹ ዳር ይሮጡ ጀመር።

የውድድሩ ዕለት የደጋ ሳንባቸው አላሳፈራቸውም፤ መጨረሻው ሲቃረብ ሁሉንም ጥለው ብቻቸውን ይመሩ ነበር። እዚያ ላይ በመንገዱ ዳር ውሃ ከሚያቀብሉት መካከል ኢሎና የተባሉ ሽበታም እናት ኩባያ ዘረጉላቸው። ሌላው ሯጭ ኩባያውን ነጥቆ፣ ተጎንጭቶ፣ ወርውሮ ያልፋል፤ በአምባሰል መንገድ ግን ታላቅ ሰው የዘረጋውን ውሃ ነጥቆ መሮጥ ነውር ነውና፣ አቶ ዝናው ቆሙ፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጣጥመው ጠጡ፤ ኩባያውንም መልሰው፣ ጎንበስ ብለው ምርቃት ጠበቁ። እማማ ኢሎና ምርቃቱን ከየት ያምጡት! ጥማቸው ያልቆረጠ መስሏቸው ኩባያውን እንደገና ሞሉላቸው፤ እንቢ ማለትም ነውር ነውና ደግመው ጠጡ። በዚህ መካከል ሦስት ሯጮች አለፏቸው። አራተኛ ወጡ፤ ሽልማታቸውም ፎጣ ሆነ። በኋላ ሲያወሩት እንባቸውን የጠረጉት በዚያው ፎጣ እንደነበር እየነገሩ ያስቁን ነበር፤ ያን ዕለት ግን አባቴን ሳላየው ይሞትብኛል ብለው አምርረው አልቅሰዋል።

እማማ ኢሎና ነገሩን በአስተርጓሚ ሲሰሙ አዝነው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው፤ ባለቤታቸውም በባቡር በነጻ የሚሳፈሩ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነበሩና፣ ሐዘናቸውን ሊያስረሷቸው ክረምቱን ሦስት ሆነው ከዳኑብ ወንዝ ዳር እስከ ጠረፍ አገሩን በባቡር ሲዞሩ ከረሙ። አቶ ዝናው በየጣቢያው ያገኙትን ሽማግሌ ሁሉ እጅ እየነሱ ሰላም ሲሉ ባቡሩ እንዳያመልጣቸው እማማ ኢሎና በእጅጌያቸው ይጎትቷቸው ነበር። በአንዲት መንደር የዓሣ ዕንቁላል በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲፈለፈል ያዩትና ለኋላ ሥራቸው የጠቀማቸውን ጥበብ የቀሰሙት በዚህ ጉዞ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው መንደራቸው ሲደርሱ፣ ተመስገን፣ አባታቸውን በሕይወት አገኟቸው። ለምን እንደዘገዩ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አቶ ሽታውም ከመደባቸው ቀና ብለው፣ ያቺን እናት ገፍቶ የመጣ ልጅ ከማየት ሳያዩት መሞት ይሻላቸው እንደነበር ተናግረው፣ እማማ ኢሎና ያልሆነላቸውን ምርቃት እሳቸው አፋቸውን ሞልተው መረቁ፤ ከዚያም በልጃቸው እየተጦሩ ስድስት ዓመት ኖሩ።

አቶ ዝናው በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ እድላዊት ወንዱ ጋር ትዳር መሥርተው ፋናንና ተስፋን ወልደዋል። በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች የዓሣ ጫጩት እያራቡ፣ ከዓረብ አገር ስደት የተመለሱ እንደ ማህዲ ያሉ ወጣቶችን ሙያ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አንድም ቀን ሲቸኩሉ ሳናይ፣ ሥራቸው ግን ሁልጊዜ በጊዜው ይደርስ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የዘጠና ዓመት እናታቸውን ወይዘሮ ስህንን፣ ደም ብቻ የጎደላቸውን ወንድማቸውን አቶ ሀሚድን ትተውልን ሄደዋል፤ መጽናናቱን ይስጣቸው። አደራ ባሉት መሠረት ዛሬ የሚያርፉት በአባታቸው መቃብር አጠገብ ነው። ቸሩ አምላክ፣ አባታቸውን ለማየት እንደዚያ የሮጡትን ልጅ፣ አሁን ያለ ሩጫ ከአባታቸው ያገናኝልን። አሜን።