ለላሙ የተጠገነ አጎበር

አቶ ገብረ ኪዳን ሱሪዬን ገልብጠው በስፌት መኪናቸው ላይ ዘርግተዋል። እኔ ጋቢያቸውን አገልድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ወደ ደብረ ወርቅ ስጓዝ አምበር ላይ ከሚኒባስ ስወርድ የበሩ ብረት ሱሪዬን ይዞ ከጉልበቴ በላይ ተረተረው።

ልጃቸው ሂዊ አጎበር ታቅፋ ስትገባ ለአባትና ለልጅ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ነበር። ግን ያለ ሱሪ የት ይኬዳል?

«አባዬ፣ ይህችን ቀዳዳ ይድፈኑልኝ፤ የሻንጣዬ ዚፕ ነው የቀደዳት። ነገ ንጋት ላይ አውቶቡስ አለኝ።»

«ወዴት?» አሉ እያወቁ።

«ላሙ ደሴት ነዋ! አባዬ ደግሞ!»

ወደ እኔ ዞሩ። የሸሚዜን የጠመኔ ብናኝ አይተው ነው መሰለኝ፣ «መምህር፣» አሉኝ፣ «ይህች ልጅ ጥር ላይ ከጓደኛዋ ከሰልማ ጋር የኬንያን ባሕር ልይ ብላ ሄዳ ልቧን እዚያው ጥላው መጣች። የሰልማ አክስት የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ ዓመት ሥሪልኝ ብላታለች። እኔ ግን አልመርቅም። ሳልመርቃት ደግሞ አትሄድም።»

የሂዊ ዓይን በራ። «መምህር፣ ቢያዩት! መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪና አያስገባም፤ ጭነት የሚያመላልሰው አህያ ነው! ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ የሚጣደፍ የለም። ባሕሩ ሲሸሽ ይርቃል፤ ሲመለስ ደጅ ድረስ ነው። እግሬን የነከርኩ ጊዜ ሳቄን ማቆም አቃተኝ!»

«አህያ ለማየት ነው እንዲህ የምትርቂ? ከአምበር ገበያ የበለጠ አህያ የት አለ?»

እኔና ሂዊ ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም።

«ያ አገር ቆላ ነው፤ የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ አይበረክትም። ወንድሜ አወቀ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ እዚያው ቀረ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አስይዤው ነበር፤ ምን ፈየደለት? ሙቀቱ ገደለው።»

«ሙቀቱ ሳይሆን ወባ ናት አባዬ፤ እሷን የምታመጣውም ትንኝ ናት። ነጭ ሽንኩርቱ ለወጥ ይሁን። እኔ የቢጫ ወባ ክትባት ጥር ላይ ከመሄዴ በፊት ተወግቻለሁ፤ ካርዱ ይኸው። የወባውን ኪኒንም ሐኪሙ ባለኝ ቀን ጀምሬያለሁ። ያልፈላ ወይም ያልታሸገ ውሃ አልጠጣም። ካተኮሰኝ በዚያው ቀን እመረመራለሁ፤ ከተመለስኩ በኋላም ቢሆን። ጥር ላይ እንዲሁ አድርጌ ራሴን እንኳ ሳያመኝ አልመጣሁም?»

«እስቲ መምህር፣ ይፍረዱ።»

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ያውም ጋቢ አገልድሜ። «ልጅዎ ልክ ናት» አልኩ። «ደጋ ያደገ ሰውነት ወባን ስለማያውቃት ቶሎ ይጎዳል። ታዲያ ተዘጋጅቶ መሄድ እንጂ መቅረት አይደለም መድኃኒቱ። ወንድምዎ አጎበር ነበራቸው?»

የመኪናው መዘውር ቆመ።

«ነበረው» አሉ። «ቆላ ወራጅ ነው ብለው ጤና ጣቢያ ሰጥተውት ነበር። ‹ወንድ ልጅ መጋረጃ ውስጥ ይተኛል?› ብዬ ሳቅሁበትና ወሰድኩበት። ቆርጬ የገለባ ከረጢት ሰፋሁት። ጠንካራ ከረጢት ወጣው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገለባ አመላለስኩበት።»

ሂዊ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ሰው የራሱን ስሕተት ከማየት ይልቅ አገሩን፣ ሙቀቱን መክሰስ ይቀለዋል። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ እርሳቸው ቀድመውኛል።

ሱሪዬን ከመኪናው ላይ አነሡ። «ይቅርታ መምህር፣ የእርስዎ ይቆየን። አምጪው አንቺ። በመኪና አይሆንም፣ ይበሳዋል።»

የእጅ መርፌ አወጡ። ስፌቱ የጤፍ ፍሬ የማያሳልፍ ነበር። «ወደ ብርሃን ያዢልኝ፤ ሌላ ቀዳዳ እንዳይኖር። ስትተኚ ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገቢው። ኪኒኑስ ስትመለሺም ይዋጣል?»

«እስኪያልቅ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው።»

«እንግዲህ እመብርሃን ትከተልሽ። ለእኔም አንድ ጊዜ እግርሽን ንከሪልኝ። የአህዮቹንም ፎቶ ላኪ፤ የእኛን ያህል ወፍረው እንደሆነ ልይ።»

ሂዊ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣችና እየዘለለች ወደ ሻንጣዋ ሮጠች። አቶ ገብረ ኪዳን ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ አጎበሩን አራት አጥፈው ሂዊ እስክትወስደው መደርደሪያው ላይ አኖሩት።